«ወኪል» ማለት ስችል

መሪነቱ ለእኔ ይገባ ነበር፤ ለከድር ሰጡብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ለሚስቴም፣ ለኢማምም፣ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። አንተ አንባቢ ፊቴን አታየውም፤ ለአንተ ይቀለኝ ይሆናል።

ዴንቨር ውስጥ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ባሕር ማዶ ለሚዋጋ ቡድን ሰው እየመለመልን እንልክ ነበር። ጂሃድ እንለው ነበር። ዛሬ ስሙን አላሳምረውም፤ የሰውን ልጅ ለሞት መላክ ነው። የመስጊዱ ሰው አያውቀንም፤ ቢያውቀን ያባርረን ነበር። አለቃችን ሐጂ ኑሩ ነበሩ። ካፒቶል ሂል፣ ኮልፋክስ ላይ ያለች አንድ ክፍላቸው ውስጥ ታመው ሲተኙ ያጠብኳቸው እኔ። በታክሲዬ ሐኪም ቤት ያመላለስኳቸው እኔ። አንድ ቀን ከጁምዓ በኋላ ሰበሰቡንና «ከእኔ በኋላ ወኪሌ ከድር ነው» አሉ።

ለምን አልኳቸው። ከመሀል አንዱ ተሳላቂ ቀድሟቸው መለሰልኝ።

«አንተ ማንበብ አትችል፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተናህን እንኳ እየተነበበልህ በጆሮህ ነው ያለፍከው። እኛን በምንህ ልትመራን ነው?»

ሳቁ። ከድርም ሳቀ። ወይስ አልሳቀም? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥርጣሬ ሥራችን ነበር። ነጭ ቫን ፓርክ አድርጎ ከቆየ ሰላይ ነው። ስልኩ ቀጭ ካለ ሰላይ ነው። አዲስ ጫማ ያደረገውን ሁሉ «ከየት አመጣው?» እንባባላለን። እኔ ግን ከድርን ምን አይቼ ጠረጠርኩት? ምንም። ኤርፖርት በየታክሲያችን ወረፋ ስንጠብቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ደግ ሆኖ ነው ወይስ ከእኔ በላይ መሆኑን እንዳልረሳበት? ይኸው፣ አሁንም ልማዱ አለቀቀኝም።

ሐጂ ሞቱ። አዲሱ መሪ ናይሮቢ ሄዶ በበላዮቻችን ፊት ቃል መግባት ነበረበት። ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ጋ ስንደርስ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ቆሟል። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቃቀምኩና «ኤ... ጀንት» አልኩ።

«ማሻአላህ! አነበብከው እኮ!» ከድር ጭኔን መታ አደረገኝ። «ወኪል ማለት ነው። ሐጂ እኔን ያሉኝ ማለት ነው።» ከዚያ ሳቀ። «ግን እዚህ አገር ሰላዩም ኤጀንት ነው የሚባለው፤ ሰው ፊት እንደዚያ ብለህ እንዳትጠራኝ አደራ!»

ኤርፖርቱ በር ላይ ስንቆም «በል ውረድ፣ ፕሌኑ ያመልጥሃል» አልኩት።

ከበላዮቻችን አንዱ፣ ናይሮቢ ላይ የሚቀበለው ሰውዬ፣ በማግስቱ ደወለልኝ። ዐረብ ነው፤ የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። የሚመጣው ሰው ምናችሁ ነው አለኝ። «ወኪል» ማለት እችል ነበር። ወኪል በዐረብኛም ወኪል ነው፤ ሳይጠይቀኝ ይገባው ነበር። እኔ ግን ኤጀንት አልኩት።

«ምን አልክ?» አለኝ።

ደገምኩለት። ኤጀንት።

ስልኩን ዘጋው። ሰላይ ብሎ እንደተረዳው አላወቅኩም ልበል? አውቄዋለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ደግሞ ሲጠይቀኝም ያላረምኩት እኔ ነኝ። ለዓመታት «አልዋሸሁም፣ ቃሉ ያው ነው» እያልኩ ተኛሁ። ከድር ቃሉን አስተማረኝ፤ እኔ በቃሉ በላሁት።

መሪነቱን አገኘሁት። ግን ማንን ልምራ? «ከድር ሰላይ ነው» የሚለው ወሬ ከናይሮቢ ሲመጣ፣ እሱ ሰላይ ከሆነ ማን ያልሆነ አለ ተባብለው አንዱ ከአንዱ ሸሸ፤ አንዱ ቶርንተን ገባ፣ ሌላው ስቴት ቀየረ። መበተናቸው ደግ ነው። እሱን ግን እንደ ጽድቅ አልቆጥረውም፤ ለዚያ ብዬ አላደረግኩትም።

የከድር ሚስት ሙና አውሮራ ነበረች። ባገኘችኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ደወለ?» ትለኛለች። «መስመሩ እምቢ ብሎት ነው» እላታለሁ። ይህንን ብታነብ ትርገመኝ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው ከድር ነበር።

ሙና የበዓሉን ሥጋ በሳህን ይዛልኝ መጥታ ደጃፌ ላይ እንደቆመች ስልኩ ጮኸ። የናይሮቢው ሰውዬ ነው።

«የኤጀንቱ ጉዳይ አልቋል» አለኝ።

«እሱ ነው እንዴ?» አለች፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው።

«አይደለም» አልኳትና ሳህኑን ተቀበልኳት። የዐረፋ ማግስት ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1998።