ታዱ ለሁለት ሰርቨር አንድ ዲስክ አልከፈተችም

ታዱ ሞተች አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁትና እራሷ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። እስካሁን አራት ጊዜ ደውያለሁ። ምን እንድትለኝ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ለማታውቋት፦ ታደለች እዚህ ሶዶ ከተማ እኛ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት እናቷን ልታይ ከሃላሌ ወደ ሶዶ ስትመጣ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ።

ሰርቨር ክፍላችን ይበርዳል። ጋቢ ደርባ ስትገባ «ዳሞታ ተራራ ልትወጪ ነው እንዴ?» እንላት ነበር። «እናንተ ቀልዱ፣ እኔ ጉንፋን አልፈልግም» ትላለች።

እዚያ ክፍል ውስጥ ስቶሬጅ የምንለው ትልቅ የዲስክ ሳጥን አለ፣ ሰርቨሮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት። ለእያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ዲስክ ለይተህ ትከፍትለታለህ፣ የሌላውን እንዳይነካ ትዘጋበታለህ። ሰርቨሮቹም ዲስኮቹም የሚታወቁት ፊደል በተቀላቀለበት ረጅም ቁጥር ነው፤ አንዱ ከሌላው በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ሊለይ ይችላል። ታዱ ይህን ቁጥር ብቻዋን አስገብታ አታውቅም። እኔ ከስክሪኑ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ከወረቀቷ ላይ ትከተላለች፣ ከዚያ ቦታ እንቀያየራለን። ጨረስን ስል «ለኔ ስትል አንዴ ድገመው፣ ታ ኢሻው» ትለኛለች። በወላይትኛ ወንድሜ ማለቷ ነው። እንዴት ያናድደኝ ነበር።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ።

አንድ ቅዳሜ ታዱ ለለቅሶ ጉኑኖ ሄዳለች። አዲሱ ሰርቨር ለሰኞ ይድረስ ተብሏል። ልደውልላት አስቤ ነበር፣ ግን ብቻዬን እንደምችል ማሳየት አማረኝ። ቁጥሩን አንዴ አየሁትና ለአዲሱ ሰርቨር የአሮጌውን ሰርቨር ዲስክ ከፈትኩለት። ሰርቨሩ ዲስኩን ስላላወቀው «ይህ አዲስ ነው፣ አጥፍቼ ላዘጋጀው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

የገበሬዎች የመሬት ይዞታ መዝገብ ያለበት ዲስክ ነበር። የያዝነው ቅጂ የቆየ ስለሆነ የወራት ሥራ ጠፋ። ከዲምቱ ድረስ ማስረጃ ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌዎች ስማችሁ የለም ተብለው ተመለሱ።

ግምገማ ተጠራ። አለቃችን «ማነው የከፈተው?» አሉ። ከሁሉም አዲስ ስለነበርኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንገቴን ወረቀቱ ላይ ደፋሁ። ታዱ ተነሳች።

«እኔ ነኝ። ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አለች። ቅዳሜ ጉኑኖ እንደነበረች ከኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ወደኔ አላየችም። ከዚያ ጻፍኩ። «ወ/ሪት ታደለች ጥፋታቸውን አምነዋል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ኮሪደር ላይ ተከተልኳት። «አንተ የሙከራ ጊዜህን አልጨረስክም፣ ያባርሩሃል። እኔን ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ነው» አለችኝ።

በማስጠንቀቂያ አላለፏትም። ከሶዶ አርቀው ሃላሌ መደቧት። ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው እናቷ ሶዶ ቀሩ፣ ታዱ በየሳምንቱ ያን መንገድ ተመላለሰች። እኔ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ስቶሬጁ ሲያስቸግረኝ እደውልላታለሁ፤ ኔትወርክ የሚይዝበት ዳገት ላይ ወጥታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ «እሺ፣ አንብብልኝ» ትለኛለች። አንድም ቀን ያንን ነገር አላነሳችብኝም።

ሶዶ ልመለስ ብላ ሁለት ጊዜ አመለከተች። ሁለቴም የጥፋት ሪከርድ አለባት ተባለ። ማስረጃው እኔ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ካለፈ ቆይቷል፣ ማንም አያባርረኝም ነበር። ገብቼ «እኔ ነኝ» ብል ያልቅ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ይኸው።

ቀትር ላይ እናቷ ቤት ሄድኩ። በደህናው እጃቸው አንገቴን ይዘው «ወንድም የላት፣ ወንድሟ አንተ ነህ» አሉኝ በወላይትኛ። አብሬያቸው አለቀስኩ እንጂ አልነገርኳቸውም። ይህን የምጽፈው ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ ነው። በስልኬ ነው፣ የተሳሳተ ፊደል ካለ እለፉኝ።

የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች፣ አለቃችንም፣ ታዱ አላጠፋችም። ዲስኩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያን ወረቀት ከፋይሏ አውጡልኝ። አሁን ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም አውጡት።

ታዱ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። ያኔ ኮሪደር ላይ ይቅር ብለሽኛል፣ የጎዳሽም እሱ ነው። ይህን ለጥፌ ወደ እናትሽ እገባለሁ፤ ከሰው ስልክ ሳይሰሙት ከኔ አፍ ይስሙት። ከለቅሶው ካስወጡኝ እወጣለሁ። ነገ ከቀባሪው ኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ሆኜ እሸኝሻለሁ።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።