ግራ ዓይኔና አልማዝ ባለ ጭራ

መጀመሪያ የታወቀኝ ፀጉሬን ሳበጥር ነው። ማበጠሪያው በግንባሬ ግራ በኩል ሲያልፍ የተቃጠለ ቆዳ የነኩብኝ ያህል አንገበገበኝ። በመስተዋት ባየው ምንም የለም። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ ሳይንስ አስተምር ነበር። ብርድ መትቶኝ ይሆናል ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ክፍል ገባሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከቅንድቤ ጀምሮ እስከ ፀጉሬ ድረስ ውሃ የቋጠሩ ጉብታዎች ወጡ። ግራ ዓይኔም አበጠ። ከዘመሮ መጥታ አብራኝ የምትኖረው እናቴ ገና ስታየኝ «ምች ነው» አለች። ከቆላ ለገበያ ከሚወጡ ሰዎች የገዛችውን ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ ፊቴን ቀባችኝ፣ ጭማቂውንም በአፍንጫዬ ጨመረችልኝ። ምች ለያዘው ሰው አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እኔም ሳይንስ አስተማሪ ነኝ ብዬ እናቴን አልከለከልኳትም።

ሕመሙ ሲብስ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ግንባሬን ገና ከበር ሲያየው አወቀው።

«ይሄ ምች አይደለም መምህር። አልማዝ ባለ ጭራ ነው፤ ሄርፒስ ዞስተር የሚባለው። አንዱን ነርቭ ተከትሎ ነው የሚወጣው፤ ወደ ሌላው ወገን አይሻገርም። አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ከወጣ ግን ወደ ዓይን የሚገባው ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ይሂዱ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ አፍንጫዬን ማየት ሆነ። ችግሩ አፍንጫዬ በዳማከሴው ታሽቶ ከግራም ከቀኝም ቀልቷል፣ ተልጧል። ያቆሰለኝ በሽታው ይሁን ቅጠሉ መለየት አልቻልኩም። ፈራሁ። ዓይኔ ቢጠፋስ? በአንድ ዓይን ምን አነባለሁ? ማንን አስተምራለሁ?

«እማዬ፣ ዳማከሴውን ለጊዜው እንተወው» አልኳት።

«እኔ ልጎዳህ ነው?» አለች። ከፍቷት ነበር።

«አይደለም። ቅጠሉ ካቆሰለኝ ሁለቱም ወገን ይድናል። በሽታው ከሆነ ግራው ሳይድን ይቀራል። ልየው ብዬ ነው።»

ተወችው። አፍልታ ባቀዘቀዘችው ውሃ ብቻ ፊቴን ታጥበኝ ጀመር። የአፍንጫዬ ቀኝ ወገን ጠራ። ግራው አልጠራም። ጫፉ ላይ ጉብታ አለ። ውሃ ቋጥሯል። እናቴን ጠራኋት። አየችው። ነጠላዋን አነሣች።

ገብስ በጫነ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋዋል። መኪናው ሲነጥር ግንባሬ ይፈነዳል። እናቴ እጄን ይዛ ጸሎቷን ታደርሳለች።

ደብረ ብርሃን ያገኘነው ሐኪም ዓይኔን አገላብጦ ካየ በኋላ ወደ እናቴ ዞረ። «ልጅ ሳለ ጉድፍ ወጥቶበት ነበር?»

«ወጥቶበት ነበር። ግን እኮ ድኖ፣ ጠፍቶለት ነበር።»

«ከቆዳው ነው እንጂ ከነርቩ አልጠፋም እናቴ። ተኝቶ ነበር።» ከዚያ ለእኔ «ኮርኒያው፣ ፊት ያለው ጥርት ያለ የዓይንዎ ሽፋን፣ ቆስሏል፤ እንሞክራለን» አለኝ። ያቺ «እንሞክራለን» ከሕመሙ ይልቅ አስጨነቀችኝ።

እንቅልፉ እንዴት ያለ እንደሆነ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ሳነብ ነው። ጉድፍ ያስወጣው ቫይረስ ወደ ነርቭ ሴሎች ያፈገፍግና ዲኤንኤው በሴሉ ኒውክሊየስ ውስጥ፣ ከእኛው ዲኤንኤ አጠገብ፣ ጂኖቹ አብዛኞቹ ዝም ብለው ለዓመታት ይቀመጣል። ሰውነት ሲደክም ወይም ዕድሜ ሲገፋ የቫይረሱ ፕሮቲኖች ዲኤንኤው ላይ እየተጣበቁ ጂኖቹን ያስነሷቸዋል፤ የሴሉን የራሱን ሥራ እያስተጓጎሉም ቫይረስ እንዲያመርት ያደርጉታል፤ በሰው ማጀት ገብቶ ባለቤቷን እንደሚያዝ እንግዳ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ይህን የሚያስቆም መድኃኒት አልነበረንም። የዓይኑን ሕመም የሚያስታግስ አትሮፒን ጠብታ፣ ቅባት፣ ንጹሕ መሸፈኛና ትዕግሥት ብቻ ነበር ያለው፤ ሐኪሙም ጧት ጧት እየመጣ ቀኝ ዓይኔን በመዳፉ ይሸፍንና «ምን ይታይዎታል?» ይለኝ ነበር፤ እኔም ጭጋግ ብቻ እላለሁ፤ እንዲህ እያልን ከረምን። አንድ ጧት ግን ጭጋጉ ውስጥ አንድ መስመር አየሁ።

«ጥለት» አልኩ። «አረንጓዴ ጥለት። የእናቴ ነጠላ ነው።»

እናቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

የግንባሬ ቃጠሎ ዓመት ያህል ቆየብኝ፤ እሱም ቢሆን ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ድሬሰሩንና ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሁሉም በላይ በዳማከሴ ላይ የነበራትን የዘመናት እምነት ለአፍንጫዬ ስትል ወደ ጎን የተወችውን እናቴን አመሰግናለሁ፤ ለእሷ ቀላል አልነበረም።

እናንተ ዛሬ ይህ በሽታ የያዛችሁ፣ ከእኛ ዕድለኞች ናችሁ። የቫይረሱ ዲኤንኤ እንዳይባዛ የሚያግድ አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ የሚረዳው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው። ፊታችሁ ላይ ምንም ሳትቀቡ ሐኪም ይየው። ጉብታው እስኪደርቅ ጉድፍ ይዟት ከማታውቅ እርጉዝና ከጨቅላ ሕፃን ራቁ።

የእኔው ቫይረስ አሁንም ነርቬ ውስጥ አለ፤ አብረን እንቀበራለን። ግንባሬን ባሳከከኝ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ እሸፍንና ዙሪያዬን አያለሁ። እስካሁን ይታየኛል።