ሦስት ቀዳዳና አንድ ድንች

ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ጠጣር ቅርጾችን ትነድፋለች፤ ነካ ስታደርገው ቅርጹ ዞሮ ጀርባውን ያሳያታል። እኔ በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ቴክኒካል ድሮዊንግ ሳስተምር የሚዞር ነገር አልነበረኝም። የነበረኝ ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳና ትዕግሥት የማያውቅ ጠባይ ነው።

ተማሪዎቼ አንድን አካል ከላይ፣ ከፊትና ከጎን አሳምረው ይገለብጣሉ፤ ሦስቱ ሥዕል የአንድ ነገር መሆኑ ግን አይታያቸውም። በዚህ ላይ ሰኞ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ተማሪዎቹ ካልገባቸው ክፍለ ጊዜዬ ለፖለቲካ ውይይት ክበብ ይሰጣል። ያን ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከልቤ እወደው ነበር።

ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ክብ፣ ከፊት ካሬ፣ ከጎን ሦስት ማዕዘን የሚመስል አንድ የእንጨት አካል በሦስት ሥዕል ነደፍኩና ወረቀቱን ገበያው አጠገብ ላሉት አናጢ ሰጠኋቸው። ቸኩዬ ስለነበር ምንም ሳላስረዳ ሄድኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ቅዳሜ ስመለስ አናጢው ጋሼ ሦስት ጠፍጣፋ የጣውላ ቁራጮች በኩራት ደረደሩልኝ፤ አንድ ክብ፣ አንድ ካሬ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን። ጠርዛቸውን ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውታል።

ደሜ ፈላ። ያዘዝኩት አንድ ነገር ነው እኮ አልኳቸው።

"የኔ ልጅ፣ ሦስት ሣልሽ፣ ሦስት ሠራሁ" አሉኝ ረጋ ብለው።

ዞር ስል ቁራጮቹን ከመሀሉ ፈልቅቀው ያወጡበትን ጣውላ በሩ ላይ ተደግፎ አየሁ። በሦስቱም ቀዳዳ ገበያው ይታያል። ሦስቱንም የሚያልፍ፣ ሦስቱንም ልክክ አድርጎ የሚደፍን አንድ ነገር ቢኖርስ? በሳቅ ፈረስኩ። ጋሼ ያመመኝ መስሏቸው ወንበር አቀረቡልኝ።

ሰኞ ጣውላውን ክፍል ውስጥ አቆምኩ፤ ተማሪዎቼም በላክሁባቸው መሠረት ድንችና ቢላዋ ይዘው መጡ። የቀረጹትን እያመጡ ጣውላው ላይ ይሞክራሉ። ክቡን ያለፈው ካሬውን አይደፍንም፤ ካሬውን የደፈነው ሦስት ማዕዘኑ ላይ ይቀራል። ተቆጣጣሪው ሲገቡ ልብ ያላቸው አልነበረም። ኮስተር ብለው ጥቂት ቆሙና ድንች ጠየቁ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ የራሷን ድንች በሦስቱም ቀዳዳ ያሳለፈችው። "ገባኝ" አለች። "ሦስቱም ሥዕል እሱው ነው።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ተቆጣጣሪው የሷን እያዩ የራሳቸውን አስተካከሉ። ሦስተኛውን ቀዳዳ ሲያልፍላቸው፣ "ክፍለ ጊዜው ይቀጥል" አሉና ድንቹን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ሮጬ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሁለተኛ ስትሥዪ አንድ መሆኑን ጻፊበት ብለውኝ ወደ እንጨት መላጊያቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በምነድፈው ሁሉ ጥግ ላይ "አንድ ነው" ብዬ እጽፋለሁ። በቀደም ልጄ አሮጌ ወረቀቶቼን ስታገላብጥ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጥ ቤት እንድትመጣ ነገርኳት።