የኩራሞቺ ግራጫ ቀለም

ኩራሞቺ ጎረቤቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ የሞተውንና የተወለደውን ሲመዘግብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እኩዮቹ ዓሣ ማጥመድ ሲጀምሩ እሱ ብዕር መምረጥ ጀመረ። ቀለም የሚሞላባቸው አሥራ አራት ብዕሮች አሉት። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ይደረድራቸዋል፤ ለማስታወሻ ደብተሩ ቀጭን ጫፍ፣ ለገበያ ዝርዝር ወፍራም፣ ለዝናባማ ቀን ደግሞ ሌላ። ሽንኩርትና ቶፉ ብሎ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ከእሱ በቀር አላውቅም።

ሚስቱ ሱሚኤ ባንክ በነጻ በሰጣት አንድ እስክሪብቶ ኑሮዋን ትመራለች። "አንተ እስክትጀምር ቀለሙ ይደርቃል" ትለዋለች።

ባለፈው ሐምሌ ግን ራሷ ጻፍ አለችው፤ ለእህቱ ለቶዋኮ። ቶዋኮ የምትኖረው ሂሜጂ ነው። በፈጣኑ ባቡር ከኛ ከኦካያማ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠችም። በአባታቸው ቀብር ዕለት ሱሚኤ፣ "ሲታመሙ ያላየሁሽ አሁን ከየት መጣሽ?" ብላ በሰው ፊት ተናገረቻት። ቶዋኮም፣ "አንቺ በሕይወት እያለሽ እዚህ ቤት አልገባም" ብላ ወጣች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለችኝ ሱሚኤ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን። "ትምጣልኝና ይቅርታ ልጠይቃት። ስደውል ትዘጋብኛለች። የወንድሟን እጅ ጽሑፍ ግን ትወዳለች።"

ኩራሞቺ ስምንት ቀን ሙሉ ብዕር መረጠ። በዘጠነኛው ቀን ቤቴ መጥቶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞነጫጨረልኝ።

"እስኪ እዪልኝ፣ ጫፉ ይንሸራተታል እንጂ አይጭርም። ቀለሙ አዲስ ነው። የዝናብ ደመና አይመስልም?"

"ይመስላል። ደብዳቤውን ላክኸው?"

"ዛሬ ጠዋት። ፖስታውንም በዚሁ ነው የጻፍኩት።"

ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነበር። እኔም ከእሱ አልሻልምና ቀለሙን አድንቄ ሻይ ቀዳሁለት።

በሦስተኛው ቀን እነሱ ቤት ከሱሚኤ ጋር ኮክ እየላጥን ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ። እጇን ሳትጠርግ ሄዳ ከፈተች፤ እኔም ተከተልኳት። ቶዋኮ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ለብሳ፣ ለለቅሶ ቤት የሚሰጥ ገንዘብ ያለበት ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጦ ቲማቲም መስሏል። ሱሚኤን ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች።

"እትዬ" አለች በመጨረሻ፣ "አልሞትሽም እንዴ?"

"እስካሁን አልሞትኩም። ይቅርታ።"

እኛ ዘንድ በፈዘዘ ግራጫ የሚጻፈው ለለቅሶ ነው፤ እንባ ቀለሙን አቀጠነው ለማለት። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሞት የመዘገበው ሰውዬ ግን በጫፉ መንሸራተት ሰክሮ ረሳው፤ እኔም አብሬው ረሳሁ። ቶዋኮ የደብዳቤው ፖስታ ላይ የወንድሟን እጅ ጽሑፍ በግራጫ ስታይ፣ ጽፎ የላከው እሱ ስለሆነ የሞተችው ሚስቱ ናት ብላ ደመደመች። ደብዳቤውን ለመክፈት አቅም አጥታ እንደታሸገ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው መጣች።

ኩራሞቺ ብዕሩን እንደያዘ ከጓዳ ብቅ አለ። "ቶዋኮ፣ መጣሽ? ቀለሙን እንዴት አየሽው?"

"ጋሼ፣ ያንን ብዕር ወንዝ ውስጥ ጣለው።"

ሱሚኤ ዓይኗን ከቶዋኮ ፊት አልነቀለችም። "ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?"

"የባቡሩ ንፋስ ነው።"

"የባቡሩ መስኮት አይከፈትም።"

ቶዋኮ፣ "ሳንታረቅ ሄደችብኝ ብዬ ነው" አለች። "ከሂሜጂ ጀምሮ ስነፋረቅ መጣሁ። ተሳፋሪው ሁሉ መሐረብ ሲያቀብለኝ ነበር። አሁን ሳይሽ በንዴት ልሞት ነው።"

እኔ በበኩሌ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሱሚኤ ኮክ ያጣበቀውን እጇን ዘርግታ የለቅሶ ፖስታውን ተቀበለቻት።

"ያን ቀን የተናገርኩሽ ክፉ ቃል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆዴን በልቶኛል፤ ይቅር በይኝ። ይሄን ግን አልመልስልሽም። የእውነት የሞትኩ ለት ባዶ እጅሽን ነይ።"

"እሺ" አለች ቶዋኮ በአፍንጫዋ።

"እንግዲህ በሕይወት አለሁ። ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?"

ቶዋኮ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።