ሕዋሱ ሜዳ ላይ ሲከፈል

ቦንጋ ተመድቤ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የሕዋስ ክፍፍል ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ በሕዋሱ ሁለት ጫፍ ሆኖ ክሮሞሶሞችን የሚስበውን ክፍል፣ «ሴንትሮሶም» የሚለውን ቃል ሸመደዱት እንጂ አልገባቸውም። ከማንኪራ የመጣች፣ በአማርኛዋ ስለምታፍር ክፍል ውስጥ የማትናገር ልጅ ግን አንድ ቀን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሴንትሮሶሙን አንድ ላይ የሚይዘው ፕሮቲን ባይኖርስ?»

በቃል ከማስረዳ ላሳያቸው ብዬ ሁሉንም ወደ ሜዳ አወጣኋቸው። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሁለት ልጆች ተጠጋግተው ቆመው አንድ አንድ ሴንትሮሶም ሆኑ። መሃል ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉት፣ በገመድ ወደየጫፉ የሚጎተቱት ደግሞ ክሮሞሶሞች ነበሩ። ጠያቂዋ ፕሮቲን ሆና በአንዱ ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ልጆች አቀፈቻቸው።

«ጎትቱ!» ስል ክሮሞሶሞቹ እኩል ለሁለት ተከፈሉ። በሁለተኛው ዙር «አሁን ልቀቂያቸው» አልኳት። ሁለቱ ሲለያዩ ጫፉ ሦስት ሆነ፤ ገመዱ በሦስት አቅጣጫ ተሳበና ክሮሞሶሞቹ ሣሩ ላይ ተበታተኑ።

«አያችሁ! ሕዋሱ ተበላሸ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ለጓደኞቿ በካፊኖኖ ታስረዳቸው ጀመር። እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ «ፕሮቲን» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየሁ። ስትጨርስ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቲቸር፣ እንደገና!» አሉ። እሷ ሁለቱን ጥብቅ አድርጋ ስትይዝና ሕዋሱ እኩል ሲከፈል ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

በማግስቱ ለጎረቤት ክፍል ያስተማረችው እሷ ናት፤ እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ኋላ ተቀምጬ አዳመጥኳት።