ባሌ ገበሬ የሆነበት ዓመት

ሰው ቴሌቪዥን እያየ ይስቃል እንጂ ቴሌቪዥን አይቶ ቤቱን ያፈርሳል? የእኔ ባል አፈረሰ።

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነበር የምንኖረው። አንድ የዓረብ ጣቢያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የድሮ የፈረንጅ አስቂኝ ድራማ ያሳያል፣ በዓረብኛ ጽሑፍ። ከተሜ ባልና ሚስት የሞቀ ኑሯቸውን ጥለው ገጠር ይገባሉ። ባልየው የተማረ፣ ሚስትየው ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ጭቃ የዋጠባት። ገበሬዎቹ የተሰበረውን ሁሉ እንደ ደህና አድርገው ይሸጡላቸዋል። እኔ የልብስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። እሱ አይስቅም። እንደ ዜና ነው የሚያየው።

“ሰውየው እኮ ልክ ነው” ይለኛል።

“ኧረ በናትህ፣ ቀልድ ነው!”

“ቀልድ ያደረጉት ልክ መሆኑን እንዳናይ ነው።”

ባሌ ተወልዶ ያደገው ጉለሌ፣ አስፋልት ዳር ነው። ተማሪ ሳለ “መሬት ላራሹ” ብሎ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኋል፣ ታስሮበታል፣ ተገርፎበታል፤ በመተማ በኩል በእግራችን ድንበር ያሻገረን ይኸው ነገር ነው። ሞፈርን ከቀንበር ግን ለይቶ አያውቅም። ካርቱም ከገባን ጀምሮ የነጋዴ ልጆች እንግሊዝኛ ሲያስተምርና የስደተኛ ወረቀት ሲተረጉም ነው ያረጀው።

ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዴም ውስጥ መንገድ ዳር አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረችኝ፣ በሁለት ማሽን፤ አንዱ የሚሰፋ፣ አንዱ የሚዘመዝም። የሱዳን ሙሽራም፣ የእኛ ሰው የጥምቀት ቀሚስም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምም በዚያች ክፍል አልፏል። ሴት ልጃችንን ያስተማርኳት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የሪክሻ ነጂ “የሐበሺያዋ ሰፊ ጋ” ሲባል ሌላ አይጠይቅም። ስለዚያች ክፍል ስናገር ጉራዬን ቻሉኝ፤ ከእሷ ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

የሱዳን አብዮት ሲጀመር አስለቃሽ ጋዙ በክፍሌ በር ሥር ይገባብኝ ጀመር። ደፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያነጠፍኩ፣ ሮጠው የገቡትን ሴት ተማሪዎች ልብስ መለኪያው መጋረጃ ኋላ እየደበቅኩ ሰነበትኩ። ፕሬዚዳንቱ ወርዶ ሕዝቡ የጦር ሠራዊቱ መምሪያ ደጅ ሲቀመጥ ባሌ በየቀኑ እዚያ ነው። ስልሳ አምስት ዓመቱ ሃያ ሆነ። ወጣቶቹ ከበውት ስለ እኛ አገር አብዮት ይጠይቁታል፣ እሱም ይናገራል። ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይመጣል። “ማማ፣ ባባ ወላሂ ወጣት ሆነ” ትለኛለች ልጄ፣ አማርኛና ዓረብኛዋን እያደባለቀች።

ከዚያ በረመዳን ማብቂያ ወታደሮቹ መጡ፣ ተኮሱ። ባሌ የዚያን ዕለት አተኩሶት ቤት ተኝቶ ነበር። ከበውት ከነበሩት ልጆች ውስጥ ሬሳቸው ከወንዝ የወጣ አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሌ አፉን ዘጋ። አያነብ፣ አይወጣ፣ ሁለት ጉርሻ ከቀመሰ ትሪውን ይገፋል። ከቀኑ ውስጥ ዓይኑን የሚገልጠው አሥር ሰዓት ላይ ለዚያ ድራማ ብቻ ነው። የሞተብኝ መሰለኝ። ዝም ያለ ሰው ጎን መተኛት ምን እንደሆነ የማያውቅ አይፍረድብኝ። እናም በሁለተኛው ወር አንድ ቀን “ገጠር እንግባ” ሲለኝ እሺ አልኩ። ገደል እንግባ ቢለኝም እሺ ነበር የምለው።

ገጠር ያለው ደግሞ ጀሪፍን ነው! ከዴም በአውቶቡስና በሪክሻ የሚደረስበት፣ ጡብ የሚቃጠልበት የወንዝ ዳር። አንድ ሽማግሌ ሐጅ ውሃው ጠርዝ ላይ ያለ መሬታቸውን አከራዩን፣ ለባሚያና ለሽንኩርት። ሐጁ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሁሉንም ነገሩን። መሬቱ የሚያዘው ውሃው ሲሸሽ ነው። ደሚራ ሲመጣ፣ ማለት ወንዙ ሲሞላ፣ ይለቀቃል። በዚህ ጠርዝ ላይ ማንም ቤት አይሠራም፣ እዚያ ያለችው ጎጆ የጥበቃ ናት፣ የምትሳሱለትን ዕቃ እዚያ አታኑሩ አሉን።

ባሌ ትከሻቸውን ይዞ ሳቀ። “ያ ሐጅ፣ ኧረ አንቱ ሐጅ! ይህ ወንዝ እኮ ከእኛ አገር ነው የሚመጣው። አባይን ለእኔ ያስተዋውቁኛል?”

ሐጁም ለእንግዳ ብለው ሳቁ። ባሌ አባይን በሕይወቱ ያየው አንዴ፣ በአውቶቡስ መስኮት ነው። እሱንም እንቅልፍ ወስዶት ይመስለኛል።

ክፍሌን ሙያ ላስተማርኳት ልጅ ለቀቅኩላት። “እትዬ፣ ይቅርብሽ” ብላ አለቀሰች። አከራዩ ውሉን በስሟ ጻፈላት። ማሽኖቼን ግን ለማንም አልሰጥም ብዬ ይዣቸው ሄድኩ፣ እዚያችው ጎጆ ውስጥ ተከልኳቸው። ገጠርም ሆነ ከተማ፣ ማሽን እስካለኝ ሰው ነኝ ብዬ ነው።

ሄደን ራሳችን ድራማውን ሆንን። የገዛው የውሃ ሞተር ሦስት ጊዜ አስሎ ዝም ይላል። ባሚያውን አጠጋግቶ ዘርቶ ተናነቀ። መቆፈሪያ ሲይዝ እንደ እስክሪብቶ በሦስት ጣት ነው። ጡብ ሠሪዎቹ ከሥራ ሲወጡ ሜዳው ጫፍ ላይ ተደርድረው ያዩታል። “ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር፣ ውሃው ወደ ጎረቤት እየሄደ ነው!” ብለው ሲጮሁ እሱም አብሯቸው ይስቃል። አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። በላ፣ ተኛ፣ ፊቱ ተመለሰ። እኔም ለጡብ ሠሪዎቹ ሚስቶች እሰፋለሁ። በወረርሽኙ ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ልጃችን ዴም ስትቀር እንኳ ሁለታችን ባሚያ እየበላን ሰነበትን። ባሌን አተረፍኩት ብዬ አምላኬን አመስግኛለሁ።

ክረምት ገባ። አገር ቤት ግድባችን ውሃ መያዝ ጀመረ ተባለ። የዴም ሐበሻ በስልክ እልል አለ፣ ባሌ ባሚያው መሃል እስክስታ ወረደ። እኔም እልል ብያለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ? ከዚያ ግን ባሌ ሐጁ ቤት ድረስ ሄዶ “ዘንድሮ ደሚራ የለም፣ ውሃው እኛ ጋ ተይዟል” አላቸው። ሐጁ ወንዙ ቀልቷል፣ ይህን መልኩን አውቀዋለሁ፣ ውጡ አሉት። ባሌ እንጨት አንስቶ ግድቡን መሬት ላይ ሳለላቸው! ሰማንያ ዓመት እዚያ ዳር የኖሩ ሽማግሌ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ሥዕሉን ያያሉ።

“ዕቃውን ብቻ ወደ መንገዱ ብናወጣው ምን ይጎዳናል?” አልኩት።

“አንቺም አታምኚኝም?” አለኝ።

ምን ልበል? የዚያ የዝምታው ወራት ፊቱ መጣብኝ። ተውኩት።

አንድ ቀን ክር ልገዛ፣ ልጄንም ላይ ዴም ሄጄ አደርኩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ውሃው ጀሪፍ ገባ ተብሎ ተደወለ። እኔና ልጄ ስንደርስ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ አፈር በጆንያ እየሞላ ይደረድራል። ጎጆዋ የለችም፣ ጭቃ ግድግዳዋ ሟሙቷል። ባሌ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መጻሕፍቱን በጭንቅላቱ ተሸክሟል። “ማሽኖቹስ?” ስለው “ድንገት ነው የመጣው፣ በምን ላውጣቸው?” አለኝ። አንዱን ወንዙ ወሰደው፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሁለተኛውን ውሃው ሲሸሽ ከደለል ውስጥ ቆፍሬ አወጣሁት። ሳምንት ሙሉ ጭቃውን በመርፌ ስፈለቅቅ ሰነበትኩ። አልዞረም።

ዴም ተመለስን። ያቺ ልጅ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመች። “እትዬ፣ ቤቱ ያንቺ ነው” አለች። ውሉ ግን የእሷ ነው፣ ደንበኛውም የእሷ፣ ማሽኑም የእሷ። በሩ አጠገብ ባለው ማሽን በሠራሁት ልክ ትከፍለኛለች። ቅን ልጅ ናት፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ እሷን እጠላ ነበር። ድሮ ሲያንቆለጳጵሱኝ የነበሩ ደንበኞች አሁን እሷን “ይህን ለአሮጊቷ አትስጪብኝ” ይሏታል፣ እየሰማሁ።

ውሃው ከሸሸ ከወራት በኋላ ሐጁ የጀላቢያ ጨርቅ ይዘው ሊያዩን መጡ። ባሌም እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሐጁ ውሃ ጠጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ያ ሐጃ፣ እኔ በማሽኖችሽ ልቤ ቆስሏል” አሉኝ። “ያን ዕለት ማለዳ፣ ውሃው ከመግባቱ በፊት፣ የአህያ ጋሪዬን ልኬ ነበር። ማሽኖቹን ጭናችሁ ወደ እኔ ቤት አምጡ ብዬ። ባዶውን ተመለሰ። ለምን መለሳችሁት?”

ጋሪ? የምን ጋሪ? ወደ ባሌ ዞርኩ። ጨርቁን ያያል፣ አንገቱ ወርዷል። “በምን ላውጣቸው” ነበር ያለኝ። ደጁ ድረስ ጋሪ መጥቶለት!

ሐጁ መልስ ይጠብቃሉ። መጮህ ነበረብኝ። ማሽኔን፣ ዕድሜዬን፣ ብዬ ጨርቁን መቅደድ ነበረብኝ። ሽማግሌ ፊት ሽማግሌ ላዋርድ ነው? ደግሞ ያን ፊቱን አየሁት፣ ያን ትሪ የሚገፋበትን። እንደገና አፉን ቢዘጋብኝስ?

“እኔ ነኝ፣ ያ ሐጅ” አልኳቸው። “ደውሎልኝ ነበር። ግዴለም፣ መልሰው ያልኩት እኔ ነኝ።”

“መዐለሽ፣ አይዞሽ፣ የአላህ ሥራ ነው” አሉና ለጀላቢያው ተለክተው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንሄድ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ቤት ደረስን። “ሐጁ ደግ ሰው ናቸው” አለ እንጂ ሌላ አልተነፈሰም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ዓርብ ምሳ ላይ፣ ልጃችን የሳምንቱ ሥራ እንዳደከመኝ አይታ በአባቷ ላይ ተቆጣች።

“ባባ፣ ወላሂ አይገባኝም! የማማን ማሽን ለምን አላወጣህላትም?”

ጉርሻውን ዋጠ፣ አፉን ጠረገ። “ጋሪ መጥቶ ነበር” አላት ረጋ ብሎ። “እናትሽ ናት መልሰው ያለችኝ።”

አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረውም። አምኖታል።

“ማማ! እውነት ነው? ለምን?” አለች ልጄ።

“እንጃ ልጄ፣ ሞኝነት ነው” አልኳት።

ልጄ ከማዕድ ተነሣች። ይኸው ከዚያ ወዲህ የማሽኑ ነገር በተነሣ ቁጥር የምትወቅሰው እኔን ነው። “ተያት በቃ፣ አውቃ አላደረገችውም” እያለ የሚያማልደኝም እሱ ነው።