መጽሐፉ ሲከፈት የሚመጣው ድምፅ

ዝላቲና ወደ መንደራችን የመጣችው በመስከረም ማለቂያ፣ ጭጋጉ ከስትራንጃ ጫካ ወርዶ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ በዋጠበት ሰኞ ጠዋት ነው። እኔ እዚያ የልጆቹን ምሳ አበስል ነበር፤ የክፍሉን ምድጃ የማነደውም እኔው ነኝ። ከቡርጋስ ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ አርባዎቹን ያጋመሰች ቀጭን ሴት አውርዶ ሄደ። ከእሷ በፊት በአራት ዓመት ውስጥ አምስት አስተማሪዎች መጥተው ሄደዋልና ሻንጣዋን ሳይ ብዙ ትቆያለች ብዬ አልጠበቅሁም።

ተማሪዎቻችን አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት ሁሉ በአንድ ክፍል ይማራሉ። በአራተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ አላለፈልንም። የሚገርመው ግን ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ልጆቻችን ጥርት አድርገው ያነቡ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ሰምተው፣ ፈርመው ይሄዳሉ። ፈተናው ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚነካቸው ማንም አያውቅም። ልጄ ቬስካም በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር፤ ስታነብ ሰምቼ ኮርቻለሁ።

ዝላቲና በመጣችበት ቀን መጽሐፍ አውጡ አለች። እኔ እንጨት ይዤ ምድጃው ጋ ነበርኩ። ልጆቹ ተነሡና በአንድ ድምፅ ጀመሩ፦ «ክረምቱ አለፈ። ወንዙ ሞላ። ሽመላዋ…» እዚህ ላይ አሥራ ዘጠኙም ቆሙ። ሁለት ጊዜ ሳሉ። ደረቅ፣ የአሮጊት ሳል። ከዚያ «ወደ ጎጆዋ ተመለሰች» ብለው ቀጠሉ።

ዝላቲና ሌላ ገጽ እንዲገልጡ አዘዘች። ገለጡ። ያው ክረምት፣ ያው ወንዝ፣ ያው ሳል። በመካከላቸው ዞራ የቬስካን መጽሐፍ ዘቅዝቃ አስያዘቻት። የልጄ ዐይን ውልፍት አላለም፤ ንባቡን እስከ መጨረሻው ወረደችው።

ሳሉን አውቀዋለሁ። የመምህርት ኔዴልያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራ በሳንባ በሽታ ሞታለች፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስትሞት ቬስካ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ከአሥራ ዘጠኙ ልጆች አንድም በእሷ የተማረ የለም። እስከዚያች ቀን ሳሉን ከልጆቹ አፍ ልብ ብዬ አልሰማሁትም፤ ወይም ሰምቼው ደስ ብሎኝ ይሆናል።

ዝላቲና ቬስካ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ይሄን ማን አስተማረሽ የኔ ቆንጆ?»

«መምህርት ኔዴልያ።»

«አይተሻታል?»

«አላየኋትም።»

«ታዲያ እንዴት አስተማረችሽ?»

ቬስካ ይህ እንዴት አይገባሽም በሚል ዐይን ቀና ብላ አየቻት። «መጽሐፉ ሲከፈት ይመጣል» አለች።

ዝላቲና ነገሩን አጣርታ በኋላ አስረዳችኝ። በኔዴልያ የተማሩት ልጆች በቃላቸው የያዙትን ለታናናሾቻቸው፣ እነዚያም ለተከታዮቻቸው አቀብለው ነው። የመጣው አስተማሪ ሁሉ የሚያነቡ መስሎት አለፈ። ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ምድጃውን ሳነድ ጀርባዬን ለክፍሉ መስጠት ተውኩ።

መጻሕፍቱን ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ልጆቹንም በዕድሜ ሳይሆን በሚያውቁት ፊደል ልክ መደበቻቸው፤ የአራተኛ ክፍሉ ጎረምሳ ከቬስካ ጎን ተቀመጠ። ክፍሉ ጭር አለ። ምስር ሾርባ ስቀዳላቸው እንኳ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ቬስካ ቤት ስትመጣም አትናገርም። ዝላቲናን ጠላኋት።

ወላጆች ተሰብስበን ሄድን። እንጨት ቆራጩ ዶብሪ ሁለተኛ ክፍል የሆነውን ልጁን አሴንን እየጎተተ ገባና፣ «ልጄ ያነብ ነበር። አንቺ መጥተሽ አጠፋሽው» አላት። እሷ አልተከራከረችም። ከወጥ ቤቴ የጨው እሽግ አስመጣችና ላዩ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል እንዲያነብላት አሴንን ጠየቀችው። ልጁ እሽጉን በሁለት እጁ ይዞ ትክ ብሎ አየው።

«ክረምቱ አለፈ» አለ። «ወንዙ ሞላ። ሽመላዋ…» ሳለ።

ዶብሪ ቆቡን አነሣና ሳይሰናበት ወጣ። እኛም ተከተልነው።

በኅዳር አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ መስኮቱን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ ማንም ሳያዛቸው ልጆቹ ጀመሩት። መጽሐፍ የለም። ወደፊት እያዩ፣ ቀስ ብለው። ዝላቲና ፊቷ አመድ መሰለ። ዝም ታሰኛቸዋለች ብዬ ስጠብቅ ጠመኔ አንሥታ ዞረችና የሚሉትን ሰሌዳው ላይ ትጽፍ ጀመር። ሲፈጥኑባት እጇን ታነሣለች፤ ይጠብቋታል። ሳሉ ላይ ሲደርሱ እሱንም ጻፈችው፦ «ኧህ፣ ኧህ»።

ጨረሱ። «አሁን ያላችሁት ሁሉ እዚህ አለ» አለቻቸው። «እስቲ የምታውቁትን አንድ ነገር ፈልጉልኝ።»

ብዙ ቆይቶ ቬስካ ተነሣች። ጣቷን በሰሌዳው ላይ እያስኬደች፣ ሁለት ጊዜ የተደገመውን ፈልጋ አገኘችው።

«ይቺ ሳሏ ናት» አለች። ከዚያ በራሷ ቀጭን ድምፅ «ኧህ» ብላ አነበበችው።

ልጄ መጀመሪያ ያነበበችው የሞተች ሴት ሳል ነው።

ሰሌዳው ሳምንቱን ሙሉ አልጠፋም። ከወንዙ አንድ ፊደል፣ ከሽመላዋ አንድ ፊደል እየለቀሙ ስማቸውን ሠሩ። እስከ ፋሲካ ድረስ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ተለየ፤ ጎርናናው፣ ተኮላታፊው፣ ቸኳዩ።

አንድ ቀን ድንች እየላጥን፣ ያን የኅዳር ጠዋት ፈርታ እንደነበር ዝላቲናን ጠየቅኋት።

«ፈርቻለሁ» አለች። «ይበልጥ ያስፈራኝ ግን እዚህ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አለመፍራቱ ነው።»

ቢላዬን አስቀምጬ የተላጠውን ድንች ድስቱ ውስጥ ጨመርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለፈተና ከተቀመጡት አምስት ልጆች ሦስቱ አለፉ፤ አንዷ ለጥቂት ቀረች፤ አሴን ወደቀ። ዝላቲና የእረፍት ጊዜዋን ትታ በየቀኑ ቤቱ እየሄደች አስጠናችው። ሰባት ዓመት አብራን ቆየች፤ የተማሪው ቁጥር አንሶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ ከተማ ተዛወረች። ቬስካ ነርስነት ትማራለች። አሴን ከጫካ ግንድ የሚጭን መኪና ሹፌር ሆኗል፤ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ ለዝላቲና እንጨት ያደርስላታል፤ እሷም ሻይ ሳታጠጣው አትለቀውም።